የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአንዲስ ተራሮች የሌሊት አበባ በሱሉልታ ይበቅል ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሱሉልታ ሲሆን፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው በግቢዬ አትክልት ነው። ለትምህርት ኢኳዶር የምትገኘው የእህቴ ልጅ፣ ሎኻ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ ባለ ደን ውስጥ ያነሳችውን የአንድ አበባ ፎቶግራፍ ልካልኛለች። ስሙ ማክሮካርፔያ ነው አለችኝ። ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው የደወል ቅርጽ ያለውና በነጭና በአረንጓዴ መካከል ያለ መልክ የያዘ ሲሆን የሚፈካውም ሲመሽ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው ስለተባልኩ ከእኛ አካባቢ ጋር ተቀራረበብኝ። ድንችም ከዚያው ከአንዲስ መጥቶ በደጋችን እንደ አገሩ ሆኗል። ታዲያ ዘሩን አስልኬ ብዘራው ምን ይከለክለኛል? ከአገራችን ዕፅዋት መካከልስ ዘመድ አለው? ጡረተኛ መምህር፣ ከሱሉልታ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የድንቹ ክርክርዎ በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ መልሱን ዘርዘር ማድረግ ይገባናል። በቅድሚያ ግን ስለ አበባው ማንነት ጥቂት እንበል።

ማክሮካርፔያ የጄንቲያን ቤተሰብ አባል የሆነ፣ ከ100 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ወገን ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚገኙት ከቬኔዝዌላና ከኮሎምቢያ ተነስቶ በኢኳዶርና በፔሩ አልፎ እስከ ቦሊቪያ በሚዘልቀው የአንዲስ ሰንሰለት ላይ ነው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተራሮች፣ በጉያና ከፍታዎች፣ በኮስታ ሪካና በፓናማ፣ እንዲሁም በኩባ፣ በጃማይካና በሂስፓኒዮላ ደሴቶች ይበቅላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ግሪዝባክ በሌላ ወገን ሥር አንድ ክፍል አድርጎ መድቦት የነበረ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ወገን ያደረገው በ1895 እ.ኤ.አ. ሌላው ጀርመናዊ ኧርንስት ጊልግ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆሴፍ ኢዋን ወገኑን እንደገና አጥንቶት የነበረ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በስዊዘርላንድ የኑሻቴል ዩኒቨርሲቲው ጄሰን ግራንትና በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲዋ ሌና ስትሩዌ በርካታ አዳዲስ ዝርያዎቹን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። ሰው የሚያህል፣ አንዳንዴም እንደ ትንሽ ዛፍ የሚያድግ ተክል በዘመናችን ገና «አዲስ» ሆኖ መገኘቱ ሊያስደንቅ ይችላል። ምክንያቱ የሚኖርበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በአንድ ተራራ ወይም በአንድ ሸለቆ ብቻ የተወሰኑ ናቸው፤ የሚበቅሉት በጉም በተሸፈነ ገደላማ ደን፣ አፈር ተንሸራቶ በተገለጠ ተዳፋትና በመንገድ ዳር ነው፤ አበባቸውም ደማቅ ቀለም የሌለውና በጨለማ የሚፈካ በመሆኑ ቀን የሚያልፍ ሰው ልብ አይለውም።

የእህትዎ ልጅ የምትገኝበት የሎኻ አካባቢ የዚህ ወገን ዝርያዎች እጅግ ከሚበዙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ደቡብ ኢኳዶርና ሰሜን ፔሩ በሚገናኙበት በዚያ ቀጠና የአንዲስ ሰንሰለት ዝቅ ብሎ የተቆራረጠ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ኮረብታ ከጎረቤቱ ተነጥሎ የራሱን ዝርያ ለማብቀል ረጅም ጊዜ አግኝቷል። እዚያው በ1982 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፖዶካርፐስ ብሔራዊ ፓርክ ስያሜውን ያገኘው በውስጡ ከሚገኙት የዝግባ ዘመዶች ነው፤ የእኛም ዝግባ ለረጅም ጊዜ የተመደበው በዚሁ የፖዶካርፐስ ወገን ውስጥ ነበር። ስለዚህ የእህትዎ ልጅ የቆመችበት ደንና የመናገሻ ደን በውቅያኖስ ቢለያዩም፣ በዛፎቻቸው በኩል አሮጌ ዝምድና አላቸው።

የአበባውን የቅርብ ዘመድ በሚመለከት፣ በአገራችን ማክሮካርፔያ በተፈጥሮ አይበቅልም፤ የጄንቲያን ቤተሰብ ግን አለን። ዋነኛው ተጠሪ ስዌርሺያ የሚባለው ወገን ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ አንዱ የሳይንስ ስሙን ከአገራችን የወሰደው ስዌርሺያ አቢሲኒካ ነው። ስዌርሺያ በደጋና በውርጭ የሣር ሜዳዎች የምትገኝ ትንሽ ተክል ናት፤ ከማክሮካርፔያ ጋር ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው ዘመድ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው አይገኝም። ይሁንና ሁለቱም ቅጠሎቻቸው ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ተጣምረው የሚወጡ፣ የአበባ ቅጠሎቻቸው ከሥር የተያያዙ፣ ፍሬያቸው ደርቆ ሲሰነጠቅ ደቃቅ ዘር የሚያፈስሱ ናቸው፤ ይህ ቤተሰብ የታወቀበት ምሬትም አለ። ምሬቱ የሚመጣው ተክሎቹ በሥራቸውና በቅጠላቸው ከሚያከማቿቸው ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው አማሮጄንቲን ከታወቁት መራራ ነገሮች ሁሉ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። ዘር ቆጠራውን ከቤተሰብ ከፍ አድርገን ወደ ክፍለ መደብ ብንወስደው ደግሞ ቡናና አጋምም እዚያው ይገኛሉ፤ የቡና ቤተሰብና አጋም የሚገኝበት ቤተሰብ ከጄንቲያን ቤተሰብ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ የአበባው የሩቅ ዘመድ በየማለዳው ጀበና ላይ የምንጥደው ነው።

አሁን ወደ ድንቹ እንመለስ። ድንች የአንዲስ ልጅ መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ አገራችን ያስገባውም በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይታወቃል። ነገር ግን ድንች የመጣው ዓመቱ እርጥብና ደረቅ ተብሎ በግልጽ ከሚከፈልበት ከአንዲስ ደጋ ነው። ዝናብ ሲያቆም ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሕይወቱን ግን ከመሬት በታች በዕጢው ይዞ ይተኛል፤ ዝናብ ሲመለስ ይነሳል። የሱሉልታ በጋ ለድንች የለመደው የዕረፍት ጊዜ ነው። ማክሮካርፔያ እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ሰፋፊ ለምለም ቅጠሎቹን ተሸክሞ የሚቆም ተክል በመሆኑ፣ ውኃ በየቀኑ ያስፈልገዋል፤ የትውልድ ደኑም ይህን አያጓድልበትም። በምሥራቃዊው የአንዲስ ተዳፋት ከአማዞን በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ፣ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ጉሙ ራሱ በቅጠሎችና በግንዶች ላይ በተጣበቀው የዛፍ ሽበት ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚዘንበው በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። መጠኑ ብቻውን ያን ያህል ባላሳሰበ ነበር። የሚያሳስበው አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠቃሎ መውረዱና ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ለወራት ጠርቶ መቆየቱ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ምን እንደሚመስሉ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ቀን ፀሐዩ ያከርራል፣ ነፋሱ ያደርቃል፣ ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ ሙቀቱን ለቆ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ያድራል። የሎኻ የጉም ደን ከምድር ወገብ በአራት ዲግሪ ብቻ የራቀና በደመና የተሸፈነ በመሆኑ፣ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እንዲህ አይሰፋም፤ ለውርጭም እምብዛም አይጋለጥም። ሁለት ቦታዎች በከፍታ እኩል ሲሆኑ አማካይ ሙቀታቸው ይቀራረባል፤ የአየሩ እርጥበት፣ የደረቁ ወራት ርዝመትና የውርጩ መኖር ግን በሜትር አይነበብም። የአትክልት ወዳጆች ከሌላ አገር ተክል ሲያመጡ ከፍታን ብቻ መመልከታቸው ደጋግመን የምናየው ስለሆነ ይህን አጥብቀን እንናገራለን፦ ተክሉ በትውልድ ቦታው በጣም በሚደርቀው ወር ምን ያህል ውኃ እንደሚያገኝ ሳያውቁ ለመትከል መወሰን አይገባም። በአገራችን ለዚህ አበባ የሚቀርበው የአየር ጠባይ ያለው ከሱሉልታ ይልቅ በባሌ ሐረና ደን፣ ጉም በሚያዘወትረው ተዳፋት ላይ ነው፤ እዚያ መጤ ተክል እንዲገባ ግን ማንም ሊመክር አይገባም።

የአፈሩም ጉዳይ አለ። ብዙ የጄንቲያን ቤተሰብ ተክሎች ከሥሮቻቸው ጋር ተጣምረው ከሚኖሩ የአፈር ፈንገሶች ምግብ ይረዳሉ፤ ከደቡብ አሜሪካ ዘመዶቻቸው መካከል ቮይሪያ የተባለው ወገን አረንጓዴነቱን ጨርሶ ትቶ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ከፈንገስ የሚያገኝ ነው። ማክሮካርፔያ ያን ያህል አይሂድ እንጂ፣ ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለቡቃያው የሚሆን ስንቅ ብዙም አይዝም። ከእርጥብ የደን አፈር ወደ ደረቅ ዓየር የመጣ እንዲህ ያለ ቡቃያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀላሉ ይጠፋል።

የሌሊቱን መፍካት በሚመለከት፣ አበባው ሲመሽ የሚከፈተው ጎብኚዎቹ የሌሊት ስለሆኑ ነው። ፈዛዛው መልኩ በጨለማ ይታያል፤ ሰፊው አፉም የአበባ ወለላ የሚልሱ የሌሊት ወፎችንና ትላልቅ የእሳት ራቶችን ያስተናግዳል። እነዚህ የአሜሪካ የሌሊት ወፎች በአየር ላይ ቀጥ ብለው እየበረሩ ረጅም ምላሳቸውን ወደ አበባው ይዘረጋሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከኢኳዶር የተገለጸ አንድ ዝርያ፣ በዋናነት ከሌላ አበባ ጋር ባለው ትስስር የሚታወቅ ቢሆንም፣ ምላሱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚዘረጋ፣ ማለትም ከገዛ አካሉ ርዝመት የሚበልጥ መሆኑ ተለክቷል። ይህ የሌሊት ወፍ ቤተሰብ በአፍሪካ የለም። አበባ ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ እንቅፋት አይሆንም፤ ዘር እንዲያፈራ ለሚፈልግ ግን የወንዴውን ዱቄት በእጅ እየወሰዱ ማዳቀል ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብዎ የምንወደው ዘሩን የማስላኩን ነገር ነው። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ዘርም ሆነ ችግኝ አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤንነት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ በፖስታ ወይም በሻንጣ ተጠቅልሎ የሚመጣ ዘር ይህን ሕግ ይጥሳል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የመጣው ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ የወፍ ቆሎም ለአጥር ውበት ተብሎ ተተክሎ ግጦሹን የወረረ የአሜሪካ ተክል ነው። ማክሮካርፔያ እንዲህ ያደርጋል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ደቃቅ ዘሩን ነፋስ የሚበትነው፣ በተገለጠ አፈር ላይ ፈጥኖ የሚበቅል ተክል ጥንቃቄ ያሻዋል። በሌላ በኩልም ኢኳዶር በዕፅዋቷ ላይ ባለቤትነት አላት። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል፣ የአንድ አገር ዘረመል ያለዚያ አገር ፈቃድ እንዳይወሰድ ይደነግጋል፤ እኛም፣ ኢኳዶርም አባል ነን። ጤፋችን በውጭ አገር ባለቤት ተበጅቶለት በነበረ ጊዜ ምን ያህል እንደተቆጣን የምናስታውስ ሕዝብ፣ የሌላውን ሕዝብ ተክል ሳያስፈቅዱ መውሰድን ለራሳችን ልንፈቅድ አይገባም። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በአንድ ኮረብታ ላይ ብቻ የሚገኙ፣ ደናቸውም ለከብት ግጦሽ እየተመነጠረ ያለ መሆኑ ሲታሰብ፣ አንድ ፍሬ ቀጥፎ ማምጣት እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። የእህትዎ ልጅ ፎቶግራፍ ማንሳቷን ትቀጥል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከፍታውን እየመዘገበች ለዚያው አገር ተመራማሪዎች ብታሳይ ደግሞ ለዕፅዋቱ ትልቅ ውለታ ትውላለች።

ለግቢዎ ሲመሽ የሚያሸት ነጭ አበባ ከፈለጉ ጠንበለል ይትከሉ፤ የአገር ተክል ነው፣ በአጥር ላይ ይወጣል፣ የእሳት ራትም ይጠራል። ከጎኑ ቢጫውን አምጃ ቢያክሉበት በሱሉልታ ብርድ የማይበገር ነው። የጄንቲያንን ቤተሰብ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉም ክረምቱ ሲወጣ በደጋ ሣር መካከል ጎንበስ ብለው ይፈልጉ። አራት ወይም አምስት የአበባ ቅጠሎች ያሏት፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ ላይ ወለላ የምታፈልቅ ትንሽ ጉድጓድ የያዘች አበባ ካገኙ ስዌርሺያ ናት፤ ጉድጓዷ በደቃቅ ፀጉር የተከበበች ልትሆን ስለምትችል ማጉያ መነጽር ቢይዙ መልካም ነው። ያገኙትን ለማረጋገጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) መጠየቅ ይቻላል። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የተንጣለለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ከመኖሪያዎ የራቀ ስላልሆነ፣ የደጋ አበቦችን በየስማቸው ለመለየት ጥሩ መነሻ ይሆንዎታል።

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ በአበባ እርሻ ውስጥ በችግኝ ክፍል እሠራለሁ። ሊዚያንተስ የሚባለው፣ ጽጌረዳ የሚመስለው አበባ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የጄንቲያን ዘመድ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ለሙከራ የዘራነው ቡቃያ መሬት ላይ ተለጥፎ አልነሳ ያለውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ የጄንቲያን ቤተሰብ አባል መሆኑ እውነት ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ መጣ የሚለው ግን ስሕተት ነው። በገበያ ሊዚያንተስ የሚባለው አበባ ዩስቶማ የተባለ ወገን ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶችና ሰሜን ሜክሲኮ ነው። ዛሬ የምናያቸውን ድርብርብና ባለ ብዙ ቀለም ዓይነቶች ያወጡት በአብዛኛው የጃፓን አዳቃዮች ናቸው። ከላይ ለመምህሩ የተረክንላቸው ማክሮካርፔያ ዝርያዎችም በአንድ ወቅት በሊዚያንተስ ስም ይመደቡ ስለነበር፣ ሁለቱ በወሬ ቢቀላቀሉ አይገርምም።

ቡቃያው መሬት ላይ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው የዕድገት ጊዜ ሙቀት ሲበዛበት ነው። ፕላስቲክ ቤቱ እኩለ ቀን ላይ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከዋለ፣ ተክሉ ግንድ ማውጣቱን ትቶ ቅጠሎቹን ክብ አድርጎ ይዘረጋና ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የጎን መጋረጃዎቹን ቀድሞ መክፈትና በቀትር ጥላ ማልበስ ያስፈልጋል። ዘሩ በአንድ ግራም ወደ 20,000 የሚደርስ ደቃቅ ስለሆነና ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ፣ አፈር አይልበስበት። ለመዛወር ሁለት ወር ከዚያም በላይ መቆየቱ ተፈጥሮው ነው፤ ማዳበሪያ በመጨመር አይፈጥንም። በመጨረሻም ዩስቶማ አሲዳማ አፈር አይወድም፤ የአካባቢያችን ቀይ አፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ አሲዳማ ስለሆነ፣ መደቡ ከመዘጋጀቱ በፊት ፒኤች (የአሲድነት መጠኑ) ተለክቶ ከ6.5 በታች ከሆነ ኖራ ቢጨመርበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለልጆች አፍ ቁስል የሚቀባው ሐምራዊው የጄንቲያን ቫዮሌት መድኃኒት የሚሠራው ከዚህ ተክል ነው? እናት፣ ከለገጣፎ።

መልስ፦ አይደለም። ጄንቲያን ቫዮሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በኬሚካል መንገድ የተፈበረከ ቀለም ነው፤ ከአንዳንድ የጄንቲያን አበቦች ጋር የሚያገናኘው መልኩ ብቻ ነው፣ ከተክሉ የተወሰደ ምንም ነገር የለበትም። ፈንገስንና አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ስለሚገድል ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ይሁንና የካናዳ የጤና ባለሥልጣን በ2019 እ.ኤ.አ. ከካንሰር ሥጋት ጋር በተያያዘ ማስጠንቀቂያ ስላወጣበት፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን አውጥተው ለሕፃኑ ከመቀባትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ወስደው ቢያሳዩት ይሻላል፤ ለአፍ ፈንገስ የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ።